ሐሙስ የምትመጣዋ መርከብ

ኔስቶር ቤልማር ከአውሎ ነፋሱ ወዲህ አምስት ወር ሙሉ ባሕር ውስጥ እግሩን አልነከረም። ይህን በኦንስ ሴሊ ከተማ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ቱሪስቶችን እየመራ ባሕር ሲጠልቅ የኖረ ሰው ውኃ ፈራሁ ቢል ማን ያምነዋል? ሲጠይቁት "ጆሮዬን አሞኛል" ይላል። ጀልባህስ ሲሉት "ተሰብራለች" ይላል፤ የጀልባዋ መሰበር እንኳ እውነት ነበር። ገላውን የሚታጠበው ከባልዲ በጣሳ እየቀዳ ነው። ፊቱን ሲታጠብም ዓይኑን አይጨፍንም፤ ሳሙና ቢያቃጥለውም አይጨፍንም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ከተማው ውስጥ ሲገባ የጠላቂ ዕቃዎቹን የሚያስቀምጥባት መጋዘን ውስጥ ነበር። ዕቃውን ከፍ ከፍ አድርጌ ልውጣ ሲል በሩ ከውጭ በፍርስራሽ ተዘጋበት። ውኃው ከጉልበቱ ወደ ደረቱ፣ ከደረቱ ወደ አገጩ ወጣ። ከዚያ በኋላ አራት ሰዓት ያህል አፉን ከጣሪያው ቆርቆሮ ሥር በቀረችው አንድ ስንዝር ክፍተት ላይ ለጥፎ ተነፈሰ። አየር የተሞሉት ሲሊንደሮች ከእግሩ ሥር እየተንከባለሉ ሲጋጩ ይሰማዋል፤ በዚያ ጨለማ ግን አንዱንም ሊይዝ አልቻለም። ጎረቤቶቹ ቆርቆሮውን ገንጥለው ሲያወጡት ሳቀ፣ ቀለደ፣ "ለዓሣ ራት ልሆን ነበር" አላቸው። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን አንስቶ አያውቅም።

ሰኞ ጠዋት የወደቡ ኃላፊ ሚስ ቪኖላ አስጠራችው። ስልሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ቀጭን፣ ቁጣዋም ሳቋም ቅርብ የሆነ ሴት ናት። የቢሮዋ ጣሪያ በአውሎ ነፋሱ ተወስዶ በሰማያዊ ሸራ ተተክቷል። ነፋስ ሽው ባለ ቁጥር ሸራው ይርገበገባል፤ በተርገበገበ ቁጥር ሁለቱም ሳያስቡት ቀና ይላሉ።

"ጆሮህ እንዴት ነው?" አለችው።

"ያው ነው፣ ሚስ ቪኖላ።"

"ዛሬ እንኳ ደህና ይሁንልህ። እየው ይሄን።"

ደብዳቤው ከመርከብ ኩባንያው የመጣ ነው። ከአውሎ ነፋሱ ማግስት ጀምሮ የኦንስ ሴሊ ስም ከጉዞው ዝርዝር ተሰርዟል፤ ቀድመው የተመዘገቡት መንገደኞችም ወደ ሌሎች ደሴቶች ተወስደዋል። አሁን ኩባንያው ሐሙስ ዕለት አንዲት የሽርሽር መርከብ ሊልክ ፈቅዷል። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፈቃድ ያለው ጠላቂ የመርከብ ማረፊያውን ምሰሶዎች ከውኃ በታች አይቶ ደህና ናቸው ብሎ እንዲፈርም። ወረቀቱ እስከ ማክሰኞ ካልደረሰ የዓመቱ ጉዞ በሙሉ ለሌላ ደሴት ይሰጣል።

"ማረፊያውን የሚመረምረው መሐንዲስስ?" አለ ኔስቶር።

"እሱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የሚደርሰው። የፈረሰው የእኛ ደሴት ብቻ መሰለህ? ሌሎቹ ሁለት ጠላቂዎች ደግሞ ጥለውን ሄደዋል። የቀረኸው አንተ ነህ።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ሰው እኮ አለቀ፣ ኔስቶር። ታክሲው ቆሟል፣ ገበያው ቆሟል። እህትህን ጠይቃት።"

እህቱን መጠየቅ አላስፈለገውም። ኢሜልዳ በማረፊያው መግቢያ ላይ ለመንገደኞች ቅመም፣ የጨርቅ አሻንጉሊትና የኮኮናት ሳሙና እየሸጠች ሁለት ልጆች ያሳደገች ሴት ናት። ከአውሎ ነፋሱ ወዲህ በሰው ጓሮ ጎደሬ እየቆፈረች ነው የምትውለው።

"እሺ" አለ።

ከሰዓት በኋላ የከተማው ሰው ሁሉ አጎቴ እያለ የሚጠራው ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ኦሬል በጀልባው ይዞት ወጣ። ኔስቶር መነጽሩን ሲያጠልቅ፣ ሲሊንደሩን ሲያዝል፣ ቀበቶውን ሲያጠብቅ ሽማግሌው እጆቹን አየ።

"ምነው እጅህ? ትናንት ስትጠጣ እኔን ሳትጠራ?"

"ብርድ ነው፣ አጎቴ።"

"ብርድ! በዚህ ሐሩር! እንግዲህ እኔ ሳላይ በረዶ ጥሏል ማለት ነው።"

ኔስቶር ሊስቅ ሞከረ። በወገቡ ላይ የታሰረውን ገመድ ኦሬል ያዘለት። አንድ ጊዜ ከተሳበ ደህና ነኝ ማለት ነው፤ ሁለት ጊዜ ከተሳበ አውጣኝ።

ማረፊያው ከዳር ወደ ጥልቁ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ተዘርግቶ በአርባ ምሰሶዎች ላይ ቆሟል። ከጫፉ ባሻገር ደግሞ በጠባብ የብረት መሻገሪያ የተያያዘ፣ ለብቻው የቆመ ወፍራም የኮንክሪት ምሰሶ አለ። የመርከቧ የፊት ገመዶች የሚታሰሩት እሱ ላይ ነው።

ኔስቶር ከዳር ጀመረ። ውኃው እንደ ድሮው አልነበረም። ተራራው ዛፉን ካጣ ወዲህ ዝናብ በጣለ ቁጥር ወንዙ ጭቃውን ሁሉ ባሕር ውስጥ እየዘረገፈ፣ ድሮ እንደ ብርጭቆ ጥርት ይል የነበረው ውኃ ደፍርሷል። ባትሪውን ሲያበራ ከክንዱ ርዝመት በላይ አይታየውም። እየቆጠረ ሄደ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ምሰሶውን በእጁ ይዳብሳል፣ ስንጥቅ ይፈልጋል፣ ያልፋል። ከመጋዘኑ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ውኃ ጆሮውን ደፈነው። ግን ቻለ። አስር ደረሰ። ሃያ ደረሰ። ታች ማቀዝቀዣ፣ የሕፃን አልጋ፣ ግማሹ በአሸዋ የተቀበረ መኪና ተኝቷል። ሠላሳ ሦስት ላይ ሲደርስ አንድ ነገር ባቱን ነካው።

ዞሮ ባትሪውን አበራ። የጣሪያ ቆርቆሮ ነው። አንድ ጫፉ በድንጋይ ተይዞ ሌላው ጫፉ ከውኃው ጋር ይወዛወዛል። እግሩን ሊያወጣ ሲል ቆርቆሮው ተገለበጠና በላዩ ላይ ተከደነ። እንደ ክዳን። ያችው መጋዘን፣ ያው ጨለማ። ኔስቶር የሚያስተምረውን ሁሉ ረሳ። በዝግታ ተንፍስ፣ አስብ፣ እጅህን ተጠቀም የሚለውን ሁሉ። በውኃ ውስጥ ጮኸ። መተንፈሻው ከአፉ ወጣ፤ ጨው ዋጠ፤ ገመዱን ሁለቴ ሳይሆን አሥር ጊዜ ሳበ።

ጀልባው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ ሲያስል ኦሬል ትከሻውን ይዞት ነበር።

"ምን ሆንክ?"

"ምንም። ውኃ ዋጥኩ።"

"ጨረስክ?"

የቀሩትን ምሰሶዎች አሰበ፤ ለብቻው የቆመውን ደግሞ። እንደገና ወደዚያ ውኃ መውረድን አሰበ።

"ጨረስኩ" አለ።

ሚስ ቪኖላ በእጇ እስክሪብቶ ይዛ ዳር ላይ ቆማ ጠበቀችው። "ሁሉንም አየህ?" "አየሁ።" "ደህና ናቸው?" "ደህና ናቸው።" አቅፋ ሳመችው፤ ቀሚሷ በውኃ ራሰ፤ ግድም አልሰጣት። ኔስቶር ጣቶቹ እንደ ደነዘዙ ፈረመ።

ማክሰኞና ረቡዕ ከተማዋ ሠርግ የተደገሰባት መሰለች። ከበሮ መቺዎቹ ይለማመዳሉ፣ ታክሲ ነጂዎች ከአምስት ወር በኋላ መኪናቸውን ያጥባሉ፣ ወደ ፏፏቴው የሚወስደውን መንገድ ሰዉ በአካፋ ይጠርጋል። ኔስቶር ግን ምግብ አልወርድ አለው። ዓይኑን በከደነ ቁጥር ያቺን ትልቅ መርከብ ያያታል፤ ገመዷ ይወጠራል፣ ምሰሶው ያዘነብላል። ወጣት ሳለ አንድ ጊዜ የተበጠሰ የመርከብ ገመድ ሰው ላይ የሚያደርሰውን በዓይኑ አይቷል። ሰውየው ለመጮህ እንኳ ጊዜ አላገኘም።

'ይይዛል' ይላል ለራሱ። 'አርባዎቹ ቆመው የለ? ያ ወፍራሙማ ምን ይሆናል።' ይልና ደግሞ ላብ ያሰምጠዋል።

ረቡዕ ቀን ኢሜልዳ ቤት ገባ። ጎደሬና ጨው ዓሣ አቀረበችለት። ጠረጴዛው፣ አልጋው፣ ወለሉ ሁሉ አሻንጉሊት ነበር።

"ብላ እንጂ! ምነው እንደ ሙሽራ አቀረቀርክ? የከተማው ጀግና እኮ ነህ። ገበያ ስሄድ 'የኔስቶር እህት' እያሉ ነው የሚያሳልፉኝ። በሕይወቴ ቀድሜ ተስተናግጄ አላውቅ፣ በአንተ ምክንያት ወግ ደረሰኝ።"

"ኢሜልዳ..."

"ስማ ደግሞ፣ ልጆቹ ሊዘምሩ ነው። የትምህርት ቤቱ ልጆች፣ ስልሳ ናቸው። ነጭ በነጭ ለብሰው ማረፊያው ጫፍ ላይ ይሰለፋሉ።"

ኔስቶር ሹካውን አስቀመጠ። "ለምን ጫፉ ላይ?"

"መርከቧ ላይ ያሉት ከሩቅ እንዲያዩዋቸዋ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?" ትክ ብላ አየችው። "አንተ፣ ደህና ነህ? ፊትህ አመድ መስሏል።"

"ጆሮዬ ነው" አለና ተነሥቶ ወጣ።

ሐሙስ ገና ጎህ ሲቀድ ኔስቶር የኦሬል ጀልባ አጠገብ ሲሊንደሩን አዝሎ ቆመ። ሽማግሌው መረቡን እየጠቀለለ ነበር።

"አጎቴ፣ ውሰደኝ ወደ ጫፉ። ያን ለብቻው የቆመውን ልየው።"

"አላየኸውም እንዴ?"

"አላየሁትም። ሰባት ምሰሶም ቀርቶኛል።"

ኦሬል መረቡን ለቀቀ። ኔስቶር ይሰድበኛል ብሎ ጠበቀ። ሽማግሌው ግን ወደ ባሕሩ ዞረ። በአድማሱ ላይ ነጭ ነጥብ ይታያል፤ መርከቧ ናት።

"እኔም አውቄ ነበር" አለ ኦሬል ቀስ ብሎ። "ምሰሶዎቹን ቆጥሬያለሁ፣ ገመድህ ማረፊያው ጫፍ አልደረሰም። አውቄ ዝም አልኩ። የልጄ ታክሲ አምስት ወር ቆሟላ። ና ግባ፣ ቶሎ በል።"

በመሻገሪያው ሥር ኔስቶር ጀልባው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ጥርሱ መተንፈሻውን እየነከሰ ይንቀጫቀጫል። መውረድ አቃተው። አንዴ ሞከረ፤ ወገቡ ድረስ ገብቶ ተመለሰ። እንባው መጣ።

"አልችልም፣ አጎቴ።"

"ገመዱ እጄ ላይ ነው። አልለቅህም። ከፈለግክ እየጮህክ ውረድ፤ ዓሦቹ አይናገሩብህም።"

ወረደ። እየጮኸ ባይሆንም እያቃሰተ ወረደ። ጭቃው ዋጠው። በባትሪው ብርሃን ፊት አቧራ የመሰለ ነገር ይበናል። እጁ ኮንክሪቱን አገኘ፤ በእጁ እየዳበሰው ቁልቁል ሄደ። አምስት ሜትር፣ ስምንት፣ አስር። በእያንዳንዱ እስትንፋስ 'አሁን ይከደንብኛል፣ አሁን ይከደንብኛል' ይላል። ከዚያ እጁ ባዶ ሆነ።

ምሰሶው የቆመበት የባሕር ወለል የለም። አውሎ ነፋሱ አሸዋውን ከሥሩ ጠርጎ ወስዶት ሰው የሚገባበት ጉድጓድ ከፍቷል። ከጉድጓዱ በላይ ኮንክሪቱ ተተርትሯል፤ እጁን ሲያስገባ እስከ ክርኑ ገባ፤ ውስጥ የተበላው ብረት ጣቱን ወጋው። እጁን ገና ሳያወጣ ከላይ ማዕበል አለፈ። ስንጥቁ ክንዱ ላይ ጠበብ አለ፤ ከዚያ መልሶ ሰፋ። ያ ሁሉ ኮንክሪት ይተነፍስ ነበር።

ኔስቶር ከዚያ በኋላ እንዴት እንደ ወጣ አያስታውስም። ማረፊያው ላይ ሲሮጥ ግን ልጆቹ ነጭ በነጭ ለብሰው በሁለት በሁለት ወደ ጫፉ እየሄዱ ነበር። "ተመለሱ! ተመለሱ!" አለ። የጠላቂ ልብስ ለብሶ፣ ክንዱ እየደማ ሲጮህ ሲያዩት የቀልድ መስሏቸው ሳቁ። መምህሯን እጇን ያዘ። "እባክሽ፣ ስለ እናትሽ፣ መልሻቸው።" ሴትየዋ ዓይኑን አይታ ልጆቹን አቆመች።

ሚስ ቪኖላ ቢሮዋ ውስጥ ሬዲዮው አጠገብ ነበረች። አዲስ ኮፍያ አድርጋለች።

"ያ ምሰሶ ተሰብሯል" አለ እየተነፈሰ። "ሥሩ ባዶ ነው። እንዳትታሰር።"

"ምን አልክ?"

"መርከቧ እንዳትታሰር!"

"ፈርመህ የለም እንዴ?! ደህና ነው አላልክም?"

"ዋሸሁ። ሳልደርስበት ነው የፈረምኩት። ፈርቼ።"

"ምኑን ፈርተህ?"

"ውኃውን፣ ሚስ ቪኖላ።"

ሴትየዋ እንደ ተመታች ሆነች። በመስኮቱ በኩል መርከቧ ትታያለች፤ ሰፈር የምታህል ነጭ፣ አሥራ አራት ፎቅ፣ በየሰገነቱ ሰው። ከበሮው ጀምሯል። ሚስ ቪኖላ እጇን ወደ ሬዲዮው ሰዳ መልሳ ሰበሰበችው።

"መርከቧ ዛሬ ብትመለስ ሌላ ጊዜ አትመጣም፣ ይገባሃል? አንድ ቀን ነው፣ ስምንት ሰዓት ብቻ። ስምንት ሰዓት አይይዝም?"

"አላውቅም።"

"አላውቅም አትበለኝ!"

"አላውቅም። እጄን አስገብቼው ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። ይኸው ያወቅኩት ይሄን ብቻ ነው።"

ደም ከክንዱ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ሚስ ቪኖላ ደሙን አየች፤ ልጆቹን አየች፤ ሬዲዮውን አነሣች። ድምጿ የሌላ ሰው መሰለ። "ካፒቴን፣ እንዳትጠጉ። እደግማለሁ፣ እንዳትጠጉ። ማረፊያው አያስተማምንም።"

ካፒቴኑ ሦስት ጊዜ አስደገማት። ሰውን በትንንሽ ጀልባ እናውርድ ወይ ብላ ጠየቀችው፤ ማዕበሉ ከፍ ያለ ነው፣ አልሞክረውም አለ። መርከቧ ከወደቡ አፍ ላይ ጥቂት ቆመች። ከዚያ ቀስ ብላ ዞረች። በሰገነቶቹ ላይ ያሉት ሰዎች ፎቶ ያነሣሉ፣ እጃቸውን ያውለበልባሉ። ዳር የቆሙት ልጆችም መዝሙሩን ጀምረው ነበርና አላቆሙም። ከበሮው ግን አንድ በአንድ ዝም አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ለኔስቶር ከባሕሩ የከፋ ነበር። ውሸቱ በአንድ ቀን ከተማውን አዳረሰ። ግማሹ "ለምን ዋሸ?" ብሎ ረገመው፤ የሚበዛው ደግሞ "ከዋሸ አይቀር ለምን ዝም አላለም?" ብሎ። ፈቃዱ ተነጠቀ። ሚስ ቪኖላ ከሥራዋ ተነሣች። ኢሜልዳ ሳምንት ሙሉ አላናገረችውም። በስምንተኛው ቀን በሩን ሳታንኳኳ ገብታ የጎደሬ ሰሃን ጠረጴዛው ላይ ዘፍ አደረገች።

"ውኃ እንደ ፈራህ ለምን አልነገርከኝም? ለእኔ?"

"ትስቂብኛለሽ ብዬ።"

"እስቅ ነበር" አለች። "ስቄ ስቄ ደግሞ አብሬህ አለቅስ ነበር፣ ደንቆሮ።" ከዚያ እውነትም አለቀሰች። "ልጆቹን እዚያ ጫፍ ላይ አቁሟቸው ያልኩት እኔ ነበርኩ፣ ታውቃለህ? የእኔ ሐሳብ ነበር።"

መሐንዲሱ በሦስተኛው ሳምንት መጥቶ ጠለቀ። ሲወጣ ሰው ከበበው፤ ኔስቶርም ከኋላ ቆሞ ነበር። ይወድቅ ነበር ወይ ብለው ጠየቁት። ሰውየው ፊቱን በፎጣ እየጠረገ ትከሻውን ነቀነቀ። "አሥር መርከብ ሊይዝ ይችል ነበር። በመጀመሪያዋም ሊሄድ ይችል ነበር። ይሄን ማንም ሊነግራችሁ አይችልም።" ኔስቶር ያንን መልስ ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። ጥፋተኛ ነህ ወይም አዳንከን የሚለው ሰው ቢያገኝ ይሻለው ነበር።

የዚያ ዓመት ጉዞ በሙሉ ለሌላ ደሴት ተሰጠ። የኩባንያው የጉዞ ዝርዝር ላይ በኦንስ ሴሊ ፈንታ "አንድ ቀን በባሕር ላይ" የሚል ተጻፈ። ኢሜልዳ መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ተሸከመች፤ ኔስቶር ጣሪያ እየጠገነ ዋለ። ብዙ ሰው አገሩን ለቆ ሄደ፤ የኦሬል ልጅም ታክሲውን ሸጦ ሄደ።

መርከብ የመጣችው በዓመቱ፣ የአውሎ ነፋሱ ወራት ካለፈ በኋላ ነው። ምሰሶው ከሥሩ ተነቅሎ አዲስ ተተክሏል፤ ሦስት ጠላቂዎች አይተው ፈርመዋል። ኔስቶር ከማለዳው ጀምሮ ዳር ላይ ተቀመጠ። መርከቧ ተጠጋች፤ የፊት ገመዶቿ ወጡ፤ ምሰሶው ላይ ተጠመጠሙ። ገመዱ ሲወጠር ያሰማው የማቃሰት ድምፅ እስከ አጥንቱ ገባ። ትንፋሹን ያዘ። ምሰሶው አልነቃነቅ አለ።

መንገደኞቹ ወርደው ገበያውን ሞሉት። ኢሜልዳ ከሰው መሃል ሆና ጠራችው።

"አንተ! እዚያ ተጎልተህ ከምትቀር ና ሳጥኑን አንሣልኝ!"

"ትንሽ ልቆይ።"

"ምን ትጠብቃለህ?"

ዓይኑን ከገመዱ አላነሣም። እሷም ገዢ መጣባትና ተወችው። ፀሐዩ አናቱን አቃጠለው፤ ምሳ ሰዓት አለፈ። ማዕበል በመጣ ቁጥር ገመዱ ይላላል፣ መልሶ ይወጠራል፤ ኔስቶርም አብሮት ይወጠራል። መርከቧ ገመዷን ፈትታ፣ ዞራ፣ ከአድማሱ ባሻገር እስክትጠፋ ድረስ ከዚያ አልተነሣም።